ከጤና አዳም እስከ ቀይ ሽንኩርት፤ ስለ ፍላቮኖይድ አጭር ትምህርት

በሐዋሳ ከተማ ቡና ሲፈላ ከስኒው ውስጥ አንዲት የጤና አዳም ዘለላ ጣል ማድረግ የተለመደ ነገር ነው። ከጠጪዎቹ አንዱን «ይህ ቅጠል ለምን ይገባል?» ብለን ብንጠይቀው «ሽታው ደስ ስለሚል ነው» ይለናል። ሁለተኛው ደግሞ «ስሙ ራሱ ይናገር የለምን? ለጤና ነው እንጂ» ሲል ይመልሳል። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከእኛው ግቢ የወጣ ተማሪ፣ «በውስጡ አንቲኦክሲዳንት ስላለበት ነው» ይላል። የፊተኛው መልስ እውነት እንደ ሆነ አፍንጫ ያለው ሁሉ ይመሰክራል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ውድ አንባቢያን፤ ይህ ነገር ለቡና ላይ ጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ለበዓል ወደየቤታችን ስንመለስ ዘመዶቻችን «አንተ ዩኒቨርሲቲ ያለኸው፣ አንቺ ሳይንስ የምትማሪው፣ ይህ ቅጠል ለስኳር በሽታ፣ ለደም ብዛትም ይሆናል ይሉናልና እውነት ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። በቃላችን ተማምኖ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን የሚያቋርጥ ሰው ሊኖር ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አባቶቻችንና እናቶቻችን በልምድ ያገኙትን ሁሉ «ከንቱ ነው» ብለን ብናጣጥል የተማርን መስለን ያልተማርን እንሆናለን። ስለዚህ እውነቱ እስከ የት ድረስ እንደ ሆነ ለይተን ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1. ፍላቮኖይድ ምንድር ነው?

ፍላቮኖይድ የሚለው ስም የመጣው «ፍላቩስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ብጫ ማለት ነው። ከእነዚህ ነገሮች ብዙዎቹ ብጫ ቀለም ያላቸው ስለ ሆኑ ይህ ስም ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ በቤተ ሰቡ ውስጥ ቀይም፣ ሐምራዊም፣ ሰማያዊም፣ ጨርሶ ቀለም የሌለውም አለ።

የሁሉም አጽም አንድ ነው፤ 15 የካርቦን አቶሞች ያሉት ነው። ባለስድስት ካርቦን የሆኑ ሁለት ቀለበቶች በሦስት ካርቦኖች ይያያዛሉ። እንደ ጥማድ በሬ ብናስባቸው ቀለበቶቹ ሁለቱ በሬዎች፣ ሦስቱ ካርቦኖች ደግሞ ቀንበሩ ናቸው። በአብዛኞቹ ላይ ቀንበሩ ከአንድ የኦክሲጅን አቶም ጋር ተጣጥፎ ሦስተኛ ቀለበት ይሠራል።

ተክሉ ይህን አጽም እንዴት እንደሚሠራው ማወቅ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ነው። መነሻው ፌኒልአላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲሆን ከእርሱ 9 ካርቦኖች ይገኛሉ፤ እነዚህም አንደኛው በሬና ቀንበሩ ናቸው። ከዚህ በኋላ ቻልኮን ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ሦስት የማሎኒል ኮኤ ቅንጣቶችን ያመጣና ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርቦን ይወስዳል፤ የቀረው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት ነው፤ ይኸውም ሁለተኛው በሬ ነው። 9 እና 6 ሲደመሩ 15 ይሆናሉ ማለት ነው።

በዚህ አጽም ላይ የሃይድሮክሲል ቡድኖች በልዩ ልዩ ቦታ ሲገቡ፣ ስኳርም ሲለጠፍባቸው ብዙ ዓይነት ፍላቮኖይድ ይገኛል። እስከ ዛሬ ከ6 ሺህ በላይ የሚሆኑ ዓይነቶች ታውቀዋል። ከሁሉ ይልቅ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን የሚለጠፈውን የስኳር ነገር ነው፤ ወደ ኋላ ስለምንመለስበት ነው።

2. ቤተ ሰቡና በማዕዳችን ላይ ያለው ድርሻ

ቤተ ሰቡን ስድስት ከፍለን እንመልከተው።

ሀ) ፍላቮኖል። ከዚህ ወገን ዋነኞቹ ኩዌርሴቲንና ካምፌሮል ናቸው። ወጥ የምንሠራበት ቀይ ሽንኩርት የኩዌርሴቲን ጎተራ ነው፤ በተለይም ከውጭ በኩል ያሉት ንብርብሮች። ሽንኩርት ስንልጥ ሁለትና ሦስት ንብርብር አብረን የምንጥል ከሆነ ብዙውን ክፍል ለቆሻሻ እንሰጠዋለን ማለት ነው።

ከዚሁ ወገን ሩቲን የተባለ አለ። በ1842 ቫይስ የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ሩታ ግራቬኦሌንስ ከተባለው ተክል ይህን ብጫ ነገር ለይቶ አወጣው፤ ስሙም ከተክሉ ስም ተወስዶ ሩቲን ተባለ። ይህ ተክል ለእኛ ባዕድ አይደለም። የእኛ ጤና አዳም፣ በሳይንስ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ፣ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚጠራው የሩቲን ስም የተገኘው ከስኒያችን ውስጥ ከምንጥላት ዘለላ ዘመድ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ከኮንሶ እስከ ጋሞና ወላይታ የሚበላው ሽፈራው ወይም ሀለኮ፣ በሳይንስ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ፣ እርሱም በቅጠሉ ውስጥ ሩቲን ይዟል።

ለ) ፍላቮን። አፒጄኒንና ሉቴዮሊን ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ላይ የራሳችንን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ማንሣት ይገባል። በ2018 የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የሚገኘው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድነት ባወጡት ጥናት የጤፍን ፌኖሎች መርምረው፣ ጤፍ በፍላቮን የበለጸገ እህል መሆኑን፣ የነጭ ጤፍና የቀይ ጤፍ ፍላቮኖችም በግልጽ የተለያዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በቤታችን ነጩና ቀዩ ጤፍ የሚለየው በዋጋና በመልክ ብቻ ይመስለን ነበር፤ የኬሚስትሪም ልዩነት አላቸው ማለት ነው።

ሐ) ፍላቫኖን። በብርቱካንና በሎሚ ውስጥ የሚገኘው ሄስፔሪዲን ከዚህ ወገን ነው።

መ) ፍላቫኖል። ካቴኪን የሚባሉት ናቸው። የሚገኙትም በሻይ ቅጠልና በካካዎ ነው። ጥቁር ሻይ ሲዘጋጅ ካቴኪኖቹ እርስ በርሳቸው ተጣምረው ያንን ቀላ ያለ ቀለም ይሰጡታል።

ሠ) አንቶሲያኒን። የከርከዴ ደማቅ ቀይ ቀለምና የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሐምራዊ መልክ የእነዚህ ሥራ ነው።

ረ) አይሶፍላቮን። በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ከዕፅ የመጣ ጠቃሚ ነገር ሁሉ ፍላቮኖይድ አይደለም። በቡና ውስጥ በብዛት ያለው ክሎሮጄኒክ አሲድ ፌኖል ነው እንጂ ፍላቮኖይድ አይደለም። የእንዶድ አረፋ ሳፖኒን ነው። የጤና አዳምም ሽታ ከሩቲን የመጣ አይደለም፤ ሩቲን ሽታ የለውም። ሽታው በቅጠሉ ውስጥ ካለው ተናኝ ዘይት ነው። ስለዚህ «ስለሚሸት መድኃኒት አለበት» የሚለው ክርክር በኬሚስትሪ ፊት አይቆምም።

3. ለተክሉ ምን ይጠቅመዋል?

ተክል ፍላቮኖይድ የሚሠራው ለእኛ ብሎ አይደለም። መሸሽ ስለማይችል ቆሞ የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። የፀሐይን ጎጂ ጨረር በላይኛው የቅጠል ሽፋን ላይ ሆኖ ይጋርዳል፤ በአበባ ቀለም ንብን ይጠራል፤ ተባይንና ሻጋታን ይከላከላል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው በአፈር ውስጥ ያለው ሥራው ነው። እንደ ቦሎቄና አኩሪ አተር ያሉ ጥራጥሬዎች ከሥራቸው ፍላቮኖይድ ወደ አፈር ይለቃሉ። ራይዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ይህን ምልክት ሲቀበሉ ወደ ሥሩ ይመጡና ከአየር የተወሰደውን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያዘጋጁበትን እባጭ ይሠራሉ። በሲዳማ ማሳ ላይ ቦሎቄ ሲዘራ ከመሬት በታች እንዲህ ያለ ጥሪና መልስ ይካሄዳል ማለት ነው። የእርሻ ተማሪዎች የፍላቮኖይድን ጥቅም በሰው ጤና ብቻ እንዳይወስኑት ይህን ማስታወስ ይበጃል።

4. «ቫይታሚን ፒ» የተባለበት ዘመን

አልበርት ሴንት ጆርጂ የተባለው የሃንጋሪ ሊቅ ቫይታሚን ሲን በማግኘቱና በሌሎች ሥራዎቹ በ1937 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት እርሱና ባልደረቦቹ፣ ከደቃቅ የደም ሥሮቻቸው ደም የሚፈስባቸውን ሕመምተኞች ሲያክሙ አንድ እንግዳ ነገር ተመለከቱ። ያልተጣራው የቫይታሚን ሲ ዝግጅት ሲረዳ፣ የተጣራው ግን አልረዳም። እንግዲያውስ በቆሻሻው ውስጥ አንድ ሌላ ነገር አለ ብለው ፈለጉ፤ ያገኙትም የፍላቮኖይድ ቅልቅል ነበር። በ1936 ይህን ነገር «ቫይታሚን ፒ» ብለው ጠሩት።

ነገር ግን አንድ ነገር ቫይታሚን ለመባል ሲጎድል የታወቀ በሽታ ማምጣት አለበት። ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ድድ ይደማል፤ ቁስል አይድንም። ፍላቮኖይድ ሲጎድል የሚመጣ እንዲህ ያለ በሽታ ግን በኋላ በተደረጉት ሙከራዎች ሊረጋገጥ አልቻለም። ስለዚህ በ1950 የአሜሪካ የሥነ ምግብና የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ስሙ እንዲቀር አሳሰቡ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የኖቤል ተሸላሚ የሰጠው ስም እንኳ ማስረጃ ሲጎድለው ይሻራል። በሳይንስ ቤት ትልቅ ስም ለማስረጃ ምትክ አይሆንም።

5. ከጉሮሮ በታች የሚሆነው ነገር

ዛሬ በየዕቃው ላይ ተጽፎ የምናየው «አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ቃል የመጣው ከመስተዋት ብልቃጥ ነው። ፍላቮኖይድ በብልቃጥ ውስጥ ሲፈተን ጎጂ የሆኑትን ነፃ ራዲካሎች በእርግጥ ያበርዳል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው «በብልቃጥ የሠራ በሆድም ይሠራል» አሉ። ይህ ግን ከአንድ ተራራ ወደ ሌላ ተራራ ያለ ድልድይ መሻገር ነው።

በመጀመሪያ ምን ያህሉ ወደ ደም ይገባል? ቀደም ብዬ ልብ በሉልኝ ያልሁት ስኳር እዚህ ላይ ይመጣል። በሽንኩርትና በጤና አዳም ውስጥ ያለው ኩዌርሴቲን አንድ ነው፤ የለበሰው ልብስ ግን ይለያያል። በሽንኩርት ውስጥ ያለው ግሉኮስ ለብሷል። ሩቲን ግን ግሉኮስና ራምኖስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች ተያይዘው የለበሱት ኩዌርሴቲን ነው። በ1995 የሆላንድ ተመራማሪዎች ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ዘጠኝ ሰዎች ላይ ሲመረምሩ፣ ከሽንኩርቱ ኩዌርሴቲን 52 ከመቶው ሲመጠጥ ከሩቲኑ ግን 17 ከመቶ ብቻ ተመጠጠ። ትንሹ አንጀት የግሉኮሱን ልብስ የሚያወልቅ ኢንዛይም አለው፤ የሩቲኑን ድርብ ልብስ ግን የሚያወልቁት በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እንግዲህ «በዚህ ቅጠል ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም አለ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ምን ለብሶ ነው? ማንስ ያወልቅለታል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የተመጠጠውም ቢሆን እንዳለ አይቀመጥም። አንጀትና ጉበት እንደ እንግዳ ነገር ይቆጥሩትና ሌላ ልብስ አልብሰው ወደ ሽንት ይሸኙታል። በደም ውስጥ የሚደርስበት መጠን በሊትር ከጥቂት ማይክሮሞል ብዙውን ጊዜ አያልፍም። በደማችን ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ደግሞ እርሱ ራሱ አንቲኦክሲዳንት ሲሆን መጠኑ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሞል ነው። በአንድ እንስራ ውኃ ላይ አንድ ስኒ እንደ መጨመር ያለ ነው። በ2006 ሎቲቶና ፍራይ የተባሉ የኦሬገን ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፉትን ጥናቶች መርምረው፣ ፍራፍሬ ከተበላ በኋላ በደም ውስጥ የሚታየው የአንቲኦክሲዳንት ጉልበት መጨመር ከፍላቮኖይዱ ሳይሆን በአመዛኙ ከዩሪክ አሲድ መጨመር የመጣ መሆኑን ገለጡ። በ2012ም የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ምግቦችን በብልቃጥ አንቲኦክሲዳንት ጉልበታቸው የሚያስቀድመውን ሰንጠረዥ ከገጹ አነሣው። ምክንያቱም ነጋዴዎች ለማስታወቂያ ያላግባብ ይጠቀሙበት ስለ ነበረና ቁጥሩ በሰው አካል ውስጥ የሚሆነውን ስለማያሳይ ነው።

እንግዲህ ፍላቮኖይድ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ጥቅም ካለው የሚሠራው ራዲካል በማብረድ ሳይሆን በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው። ዛሬ ሊቃውንት በብዛት የሚመረምሩት የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭና ሥሩ እንዲለጠጥ ፍላቮኖይድ እንዴት እንደሚረዳ፣ ደግሞም በአንጀት ባክቴሪያዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው።

6. በሰው ላይ የተደረጉ ምርመራዎች

የመጀመሪያው ትልቅ ምስክር የመጣው ከሆላንድ ነው። በ1993 በታተመው የዙትፈን ከተማ ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 የሆነ 805 ወንዶች ምን እንደሚበሉ ተመዝግቦ ለአምስት ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። ፍላቮኖይድ አብዝተው ከሚመገቡት ወገን በልብ ሕመም የሞቱት፣ አሳንሰው ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ከግማሽ በታች ነበሩ። ፍላቮኖይዱንም በብዛት ያገኙት ከሻይ፣ ከሽንኩርትና ከፖም ነበር።

ይህ ውጤት ብዙዎችን አስደሰተ። ነገር ግን ሻይና ፖም የሚያዘወትር ሰው በሌላም ነገር ይለያል፤ ምናልባት አያጨስም፤ ምናልባት ኑሮው የተሻለ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን በሒሳብ ለማስተካከል ቢጥሩም ጨርሶ ማስወገድ አይቻልም። ስለዚህ ዕጣ ተጥሎ አንዱ ወገን እውነተኛውን፣ ሌላው አስመሳዩን የሚወስድበት ሙከራ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ታላቅ ሙከራ ኮስሞስ በሚል ስም በአሜሪካ ተደርጎ ውጤቱ በ2022 ወጣ። 21,442 ሰዎች ተካፈሉ፤ ግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል፣ ግማሾቹ አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። ዋናው ጥያቄ የነበረው የልብና የደም ሥር አደጋዎች በጠቅላላ ይቀንሳሉ ወይ የሚለው ሲሆን፣ የታየው መቀነስ በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ መሆኑ አልተረጋገጠም። ከእነዚሁ በሽታዎች የመጣ ሞት ብቻ ተለይቶ ሲታይ ግን 27 ከመቶ አንሶ ተገኘ። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ጥያቄ ስለ ነበረ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ለእኛ ቀረብ ያለው የከርከዴ ነገር ነው። በቦስቶን ተደርጎ በ2010 የታተመ ሙከራ፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 65 ሰዎች ለስድስት ሳምንት በቀን ሦስት ስኒ ከርከዴ ወይም ተመሳሳይ ጣዕም ያለው አስመሳይ መጠጥ እንዲጠጡ አድርጎ ነበር። የከርከዴ ጠጪዎቹ የላይኛው የደም ግፊት በአማካይ 7.2 ሲቀንስ የሌሎቹ የቀነሰው 1.3 ብቻ ነበር። ይህ መልካም ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ሙከራው የተደረገው መድኃኒት በማይወስዱና ግፊታቸው መጠነኛ በሆነ ሰዎች ላይ መሆኑን መርሳት አይገባም። «ከርከዴ ክኒንን ይተካል» የሚል ቃል በውስጡ የለም።

ስለ ሽፈራውስ? በ1997 የአገራችን ተመራማሪዎች የቅጠሉ ውኃ በጥንቸሎች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይህ ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ጥንቸል ሰው አይደለም፣ አንድ ሙከራም ሕክምና አይደለም። በቤተ ሙከራ የሚሰጠው መጠንና አንድ ሰው በወጥ የሚበላው መጠንም አይመሳሰልም።

7. ሻይ፣ ቡናና የብረት ነገር

ስለ ፍላቮኖይድ ጥቅም የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ ምዕራፍ አለ። የሻይ ፍላቮኖይዶች በአንጀት ውስጥ ከዕፅ ምግብ የመጣውን ብረት ይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። በ1983 የታተመ አንድ ምርመራ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መመጠጥ በ64 ከመቶ፣ ቡና ደግሞ በ39 ከመቶ እንደ ቀነሰው አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላመጣም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግብ ጋር እንደ ተጠጣው ሆኖ ተገኘ። በ2017 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ጉዳቱ እንደሚያንስ አሳየ። የቡናው ጥፋት በፍላቮኖይድ ሳይሆን በሌሎቹ ፌኖሎች መሆኑን ከላይ ካልነው ጋር ያገናኙት።

ይህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። የብዙ ሰው ማዕድ እንጀራና ሽሮ፣ ቆጮና ጎመን ነው፤ ብረቱ ከዕፅ ነው። ምግቡ እንደ ተነሣ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ይቀርባል። ለጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ብዙ ላይጎዳው ይችላል። ለነፍሰ ጡር እናት፣ ደም ላነሳት ልጃገረድ፣ ለሕፃን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንግዲህ አንድ ነገር በልብ በኩል ወዳጅ፣ በደም በኩል ሌባ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ሻይና ቡናን ከምግብ ማራቅ፣ ከምግብ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ መጨመር ነው፤ በእነርሱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ይረዳል።

8. ለሚጠይቀን ዘመድ ምን እንመልስ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለጠያቂ ልንሰጠው የሚገባንን መልስ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፍላቮኖይድ የሚበላ እንጂ የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ ጎመን፣ ሽፈራው፣ ብርቱካን በየተራው ከማዕድ ላይ ሲገኙ ይበቃል። ወጥ አሠራራችንም በዚህ በኩል መልካም ነው። ሽንኩርት በውኃ ሲቀቀል ፍላቮኖሉ ወደ ውኃው ይወጣል፤ እኛ ግን የወጡን ውኃ አንደፋም፣ ከእንጀራ ጋር እንበላዋለን።

ሁለተኛ፤ የተቀመመ ዱቄትና የታሸገ ፍሬ በውድ ዋጋ ገዝቶ መዋጥ የተሻለ ውጤት ማምጣቱ አልተረጋገጠም።

ሦስተኛ፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማንም በቅጠል አይተካ። ቅጠሉን ለመጠቀም የሚፈልግ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ይንገረው፤ ስኳር የሚቀንስ መድኃኒትና ስኳር ሊቀንስ የሚችል ቅጠል በአንድነት ሲወሰዱ ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉና።

አራተኛ፤ ከዕፅ መምጣት ብቻውን የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም። ያችው የምንወዳት ጤና አዳም ከሩቲን ሌላ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ነገሮች ስላሉባት፣ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል። በስኒ የምትገባ አንድ ዘለላና በብዛት ተጨምቆ የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ አንድ አይደሉም፤ በተለይም ነፍሰ ጡር ሴት ጭማቂውን ልትጠጣ አይገባም። ኮሶም ትልን ያወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይንን ሊያጠፋ እንደሚችል የታወቀ ነው።

9. በገዛ እጃችን የምንፈትነው

ነገሩ በወረቀት ላይ እንዳይቀር አንድ ቀላል ሙከራ ላመልክት። ጥቂት ከርከዴ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፉና በሦስት ብርጭቆ ክፈሉት። አንደኛውን ተዉት፤ በሁለተኛው ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ በሦስተኛው ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ሎሚ ያለበት ቀይነቱ ይደምቃል፤ ሶዳ ያለበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። አንቶሲያኒኑ አሲድና ቤዝ ሲያገኘው ቅርጹ ስለሚለወጥ ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ የሶዳውን መጠጣት አያስፈልግም።

የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከዚህ አልፈው ሊሄዱ ይችላሉ። የቅጠልን ጭማቂ በአልኮል አውጥቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ፍላቮኖይዱ ደማቅ ብጫ ይሆናል፤ የብጫውንም መጠን በስፔክትሮፎቶሜትር በ415 ናኖሜትር አካባቢ መለካት ይቻላል። አንዲት የጤና አዳም ዘለላ በሙቅ ቡና ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ስትቆይ ምን ያህል ሩቲን ትለቃለች? ይህ ለአራተኛ ዓመት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእጥበቱ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «እንዶድ መልካም ነው» ብለው አልፈው አልሄዱም፤ «የአባቶች ነገር ነው» ብለውም አልናቁትም። መረመሩ፤ ለኩ፤ ደጋገሙ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ነገር በእጃችን እንዳለ ለዓለም አሳዩ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

የእኛም መንገድ ይህ ነው። የቡና ላይ ሦስቱን መልሶች ስንመለስባቸው፣ ሽታው እውነት ነው፤ «ለጤና ነው» የሚለው እምነት ገና መመርመር ያለበት ነው፤ «አንቲኦክሲዳንት አለበት» የሚለውም በብልቃጥ እውነት፣ በሰው ውስጥ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። አራተኛውን መልስ የሚሰጠው ለክቶና አረጋግጦ የሚመጣው ተማሪ ነው። እስከዚያው ግን ጤና አዳም ጣል የተደረገበትን ቡናችንን በደስታ እንጠጣ፤ ከምግቡ ግን ራቅ አድርገን።